ከአውራ ጣት እስከ ክንፍ፦ የሞዴል አውሮፕላን ሪሞት ቃላት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይውረድ)

ዛሬ ስቱዲዮ የገባሁት ባዶ እጄን አይደለም። ጥቁር ሳጥን ይዣለሁ፤ ከወፍራም መጽሐፍ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ በማንጠልጠያ አንገት ላይ ይወርዳል። አናቱ ላይ አጭር አንቴና አለው። ፊቱ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ቆመዋል፤ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያርፍባቸው ናቸው። ትከሻው ላይ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተደርድረዋል፤ ከታች ደግሞ የስልክ ግማሽ የምታህል ስክሪን አለችው። ሞዴል አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች ትራንስሚተር ይሉታል። እኛ ቤት ሪሞት ነው የሚባለው፤ እኔም ዛሬ ሪሞት እላለሁ።

ርዕሱን ያመጣችልን አንዲት እናት ናት። ልጇ ክፍሉን በጥሩ ውጤት ስላለፈ አውሮፕላን ከነሪሞቱ ገዛችለት። ካርቶኑን ከፈቱ፣ መመሪያውን አነበቡ፣ ከዚያ ወደ እኛ ደወለች። «እንግሊዝኛውን እሱም ያነበዋል፣ እኔም አነበዋለሁ፤ ግን ሁለታችንም አልገባንም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቋንቋውን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ቃላቱ የሙያ ቃላት ናቸው፤ ሙያውን ያላየ ሰው መዝገበ ቃላት ቢያገላብጥም አያገኛቸውም።

አንድ ነገር ከመነሻው እንያዝ። ሪሞቱ አውሮፕላኑን በገመድ አይጎትተውም። አውራ ጣታችሁ ዘንጉን ሲገፋ ሪሞቱ ምን ያህል እንደተገፋ ይለካል፤ ልኬቱን ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ቁጥሩን እናንተ አስቀድማችሁ እንደነገራችሁት ያሻሽለዋል፤ ከዚያ ወደ አየር ይለቀዋል። አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ያለው ሪሲቨር ይቀበለዋል፤ ለአንዲት ትንሽ ሞተር ያስተላልፋል፤ ሞተሯ ዞራ ክንፉ ላይ ያለውን ሰሌዳ ታጥፈዋለች። ከጣት ተነስቶ ክንፍ የሚደርስ የታክሲ መስመር በሉት። መመሪያው ላይ ያሉት ቃላት ሁሉ የዚህ መስመር ፌርማታዎች ናቸው። የፌርማታዎቹን ስም ያወቀ ሰው፣ አውሮፕላኑ አልታዘዝ ሲለው፣ ትእዛዙ የት ላይ እንደቀረ ይፈልጋል። የማያውቅ ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል።

እንሳፈር። መነሻው ስቲክ ነው፤ ሁለቱ ዘንጎች። አንዱ ስቲክ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ሁለት ትእዛዝ ይሰጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ አራት። አራቱም ስም አላቸው። ኤሌሮን በግራና በቀኝ ክንፍ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉት ሰሌዳዎች ናቸው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል፣ አውሮፕላኑም ወደ ጎን ያጋድላል። ኤሌቬተር ጭራው ላይ በአግድም የተኛው ነው፤ አፍንጫውን ቀና ወይም ደፋ ያደርጋል። ፎቅ የሚያወጣን ሊፍት እዚህ አሜሪካ ኤሌቬተር ይባል የለ? እሱን አስታውሱ። ራደር ጭራው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ነው፤ አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ከራዳር ጋር አታምታቱት፤ የጀልባ መሪን የሚመስል ነገር ነው። አራተኛው ትሮትል፣ የሞተሩ ጉልበት ነው።

ትሮትል ላይ ትንሽ ልቁም። ሦስቱ ትእዛዞች ጣታችሁን ስታነሱ በስፕሪንግ ተስበው ወደ መሃል ይመለሳሉ። ትሮትል ግን ያቆማችሁበት ይቀራል። መኪና የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ መኪና ላይ እግራችንን ከነዳጅ መስጫው ስናነሳ ፍጥነቱ ይበርዳል። እዚህ ግን ደንግጣችሁ ሪሞቱን ብትለቁትም ሞተሩ እየጮኸ ይቀጥላል።

የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ስቲክ ላይ እንደሚሆን የሚወስነው ሞድ ይባላል። በሞድ 2 ትሮትልና ራደር በግራ፣ ኤሌቬተርና ኤሌሮን በቀኝ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ብዙው ሰው የሚያበረው በዚህ ነው። በሞድ 1 ትሮትል ወደ ቀኝ ይሻገራል፣ ኤሌቬተር ወደ ግራ ይመጣል፤ ጃፓን ውስጥ ብዙዎች በዚህ ነው ያደጉት። ማን ይበልጣል የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። ያገለገለ ሪሞት በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሞዱን ጠይቁ፤ ጣት የለመደውን በአንድ ቀን አይተውም።

አውሮፕላኑ ተነሳ እንበል። ስቲኩን ለቀቃችሁት፤ እሱ ግን ቀስ እያለ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከስቲኩ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ወደ ቀኝ ጠቅ፣ ጠቅ ታደርጋላችሁ። ሪሞቱ በየጠቅታው ይጮሃል፤ መሃል ላይ ስትደርሱ ድምፁ ለየት ይላል። ትሪም ይህ ነው። ወደ አንድ ጎን የሚስብ መኪና መሪውን ጠምዝዛችሁ እንድትይዙ ያስገድዳችኋል፤ ትሪም ከዚህ ይገላግላል። ሰብ ትሪም ደግሞ መሬት ላይ፣ በስክሪኑ ውስጥ፣ ሰሌዳው መሃሉን እንዲያገኝ አንድ ጊዜ የሚደረግ ማስተካከያ ነው። ኢንድ ፖይንት የሰሌዳው ጉዞ የት ጋ እንዲያበቃ ይወስናል፤ ካልተስተካከለ ሞተሯ ከማትገፋው ነገር ጋር ስትታገል ታቃስታለች፣ ባትሪም ትጨርሳለች።

ሪቨርስ የሚለውን ቃል ግን እኔ የተማርኩት አውሮፕላን ከፍዬበት ነው። ክረምቱን፣ ያውም የሜሪላንድን ክረምት፣ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጬ ከባልሳ እንጨት ሠራሁት። ቢጫ ቀባሁት። ከመብረሩ በፊት ያረጀውን የኤሌሮን ሞተር በአዲስ ቀየርኩ። ሜዳ ላይ ስቲኩን ግራና ቀኝ አደረግኩ፤ ሰሌዳዎቹ ተንቀሳቀሱ፤ ደስ አለኝ፤ አስነሳሁት። ዛፎቹን እንዳለፈ ነፋስ ገፋውና ወደ ግራ አጋደለ። ቀኝ ሰጠሁት። ይበልጥ አጋደለ። ሌላ ቀኝ ጨመርኩ፤ በጀርባው ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ከበቆሎው ማሳ ውስጥ የመጣውን ድምፅ ነው። አዲሱ ሞተር ከአሮጌው በተቃራኒ ነበር የሚዞረው። እኔ ይንቀሳቀሳል ወይ ብዬ ነበር የፈተሽኩት፤ ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም።

ያቺን ስህተት የምታስተካክለው መስመር ሪቨርስ ናት፤ በስክሪኑ ላይ የአንዱን ትእዛዝ አቅጣጫ ትገለብጣለች። አሥር ሰከንድ አትፈጅም። ፍተሻው ደግሞ ይህ ነው፤ እባካችሁ ጻፉት። ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁሙ፤ አፍንጫውና የእናንተ አፍንጫ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዩ። ስቲኩን ወደ ቀኝ አድርጉ፤ የቀኙ ኤሌሮን መነሳት፣ የግራው መውረድ አለበት። ኤሌቬተርን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ የጭራው ሰሌዳ ወደ ላይ ይነሳል። ራደርን ወደ ቀኝ ስትሉ ሰሌዳው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህን ከየበረራው በፊት እናደርጋለን፤ ትናንት ትክክል ነበር ማለት ዛሬም ነው ማለት አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ያቺን እናት ግራ ያጋቧት ሁለት ቃላት ጋ ደረስን፤ ዱዋል ሬትና ኤክስፖ። ሁለቱም የስቲኩን ንዴት ያበርዳሉ፤ አበራረዳቸው ግን ይለያያል።

ዱዋል ሬት በአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ የሚቀያየሩ ሁለት ልኮች ናቸው። ላይ ስትሆን ስቲኩን እስከ ጥግ ስትገፉት ሰሌዳው መቶ በመቶ ይታጠፋል። ታች ስትሆን እስከ ጥግ ብትገፉትም ሰሌዳው ሰባ በመቶ ላይ ይቆማል፤ ልኩን ሰባም ስልሳም ማድረግ የእናንተ ፈንታ ነው። ለጀማሪ ዝቅተኛው ይሻላል፤ የደነገጠ እጅ ሁልጊዜ እስከ ጥግ ነው የሚሄደው። ጉዳቱ፣ ነፋስ በርትቶ ሙሉውን መታጠፍ የምትፈልጉበት ሰዓት ሲመጣ አታገኙትም፤ ማብሪያዋን መፈለግ አለባችሁ።

ኤክስፖ ጥጉን አይነካም። የሚያለሰልሰው መሃሉን ነው። የገላ መታጠቢያ ሙቅ ውኃ አስቡ። አንዳንዱ ቧንቧ ነካ ስታደርጉት ያቃጥላል፤ ሌላው መጀመሪያ ላይ ቀስ እያለ ይከፈትና ወደ መጨረሻው ይበረታል። ኤክስፖ የገባበት ስቲክ ሁለተኛውን ይመስላል። ሠላሳ በመቶ ኤክስፖ ስታስገቡ፣ ስቲኩ ግማሽ መንገድ ሲሄድ ሰሌዳው ግማሽ ያህል አይታጠፍም፤ እንደ ሪሞቱ ስሌት ወደ አርባ በመቶ ገደማ ይሆናል። ጥግ ላይ ሲደርስ ግን መቶው መቶ ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ አውራ ጣት የምትሠራው በመሃል አካባቢ ባለች የጥፍር ስፋት ቦታ ውስጥ ነው። ለዚያች ቦታ ነው ኤክስፖ የተፈለገው። እኔ በግሌ ለጀማሪ ከዱዋል ሬት በፊት ኤክስፖ አስተምራለሁ።

ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ። ፉታባ በሚባለው ሪሞት መሃሉን ለማለስለስ የሚገባው ቁጥር በመቀነስ ምልክት ነው፤ ከሠላሳው ፊት መቀነስ ይኖራል። በስፔክትረም ደግሞ ያንኑ ልስላሴ የሚሰጠው የመደመሩ ቁጥር ነው። የጓደኛችሁን ቁጥር ከሌላ ፋብሪካ ሪሞት ላይ ገልብጣችሁ ብታስገቡት፣ ለስላሳ ይሆናል ያላችሁት ስቲክ መሃሉ ላይ እንደ ምላጭ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩን ካስገባችሁ በኋላ በስክሪኑ ላይ የሚሳለውን መስመር እዩ። መሃል ላይ ጋደም ብሎ ወደ ጫፎቹ ቀና የሚል ከሆነ ልክ ነው።

ሚክስ የሚባለውን ቶሎ እንለፈው፤ አንድ ስቲክ ሁለት ሰሌዳ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ጭራ የሌላቸው፣ ክንፍ ብቻ የሆኑ አውሮፕላኖች ያለሚክስ አይበሩም፤ ኤሌሮንም ኤሌቬተርም ያው ሁለቱ ሰሌዳዎች ናቸውና ስማቸው ኤሌቨን ይባላል።

ሰሌዳዎቹን ወደምታጥፈው ትንሽ ሞተር እንሂድ። ሰርቮ ትባላለች። ይቺን ለማምጣት ብዬ ነው ዛሬ ቦርሳ የተሸከምኩት፤ ክብሪት ሳጥን ውስጥ ትገባለች። ወደ ማይክሮፎኑ ላስጠጋት።

(የሰርቮ ድምፅ፤ ሦስት ጊዜ)

ሰማችሁት? ዝዝ... ዝዝት። በውስጧ ጥቃቅን ጥርሶች ያሏቸው ማርሾች አሉ፤ በላይዋ ደግሞ ነጭ ክንድ። ትእዛዟን የምትሰማው በምት ነው። በየ20 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይደርሳታል። ምቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ ክንዷን መሃል ላይ ታቆማለች። ወደ 1 ካጠረ ወደ አንዱ ጥግ፣ ወደ 2 ከረዘመ ወደ ሌላው ጥግ ትዞራለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰከንድ አንድ ሺህኛ ብቻ ነው። አሁን የሰማችሁት ሦስት ድምፅ እኔ ሦስት ጊዜ የምቱን ርዝመት ስለቀየርኩ ነው። አውራ ጣታችሁ ያሰበችው ሁሉ በመጨረሻ የሚሆነው ይህ ነው፤ ትንሽ ያጠረ ወይም ትንሽ የረዘመ ምት።

በጣትና በምት መካከል ያለው አየር ነው። ቻናል የሚለው ቃል ሰዉን የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ካርቶኑ ላይ «6 ቻናል» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ስድስት ትእዛዝ ማለት ነው፤ አራቱን ነግሬአችኋለሁ፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ጎማ ለማጠፍ ወይም ፍላፕ የሚባለውን ሌላ የክንፍ ሰሌዳ ለማውረድ ይሆናሉ። ሸምገል ካሉ አብራሪዎች አፍ የምትሰሙት ቻናል ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላን አብራሪዎች በ72 ሜጋ ኸርትዝ ላይ ያበሩ ነበር፤ ከ11 እስከ 60 ቁጥር የተሰጣቸው 50 ጠባብ መንገዶች ነበሩ፤ ያንዱ መንገድ ስም ቻናል ነበር። ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ላይ ሪሞቱን ከከፈተ በአየር ላይ ያለው አውሮፕላን የሁለት ጌታ ባሪያ ይሆናል፤ ሁለቱንም አይሰማም፣ ይወድቃል። ስለዚህ በየሜዳው የቁጥር ሰሌዳ ይሰቀል ነበር፤ ማብረር የፈለገ ሰው የራሱን ቁጥር የልብስ መቆንጠጫ አንስቶ አንቴናው ላይ ይሰካል። መቆንጠጫው ከሌለ ቁጭ ብሎ ተራ መጠበቅ ነው። ዛሬም አንዳንድ ሜዳ ላይ ያ ሰሌዳ ቀለሙ ለቆ እንደተሰቀለ ታገኙታላችሁ።

አሁን የምንጠቀምበት 2.4 ጊጋ ኸርትዝ ነው፤ የቤታችን ዋይፋይ የሚጠቀምበት ሰፈር። እዚያ ቁጥር መጠበቅ የለም። ሪሞቱና ሪሲቨሩ አስቀድመው ይተዋወቃሉ፤ ሪሲቨሩ የዚያን ሪሞት መለያ በማስታወሻው ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሃያ ሰው አጠገባችሁ ቢያበር የእናንተን ብቻ ይሰማል። ይህ መተዋወቅ ባይንድ ይባላል። አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፤ የሪሲቨሩ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሲተዋወቁ ረግቶ ይበራል። በእጅ ስልክና በጆሮ ማዳመጫ ያያችሁት ማጣመር ዓይነት ነው።

ሰፈሩ የተጨናነቀ ስለሆነ የዛሬ ሪሞቶች አብዛኞቹ አንድ ቦታ አይቆሙም፤ ሁለቱ በተስማሙበት ቅደም ተከተል ከአንዱ ፍሪኩዌንሲ ወደ ሌላው በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይዘላሉ። ሐሳቡ ከሪሞቶቹ ይቀድማል። ሄዲ ላማር የተባለችው የሆሊውድ ተዋናይትና ጆርጅ አንታይል የተባለ የሙዚቃ ደራሲ በ1942 የአሜሪካ ፓተንት አግኝተውበታል። እነሱ ያሰቡት ለቶርፒዶ ነበር፤ ጠላት ሞገዱን አግኝቶ እንዳያውከው። የመዝለሉን ቅደም ተከተል የሚይዘው ራሱን በሚጫወት ፒያኖ ላይ እንደሚጠቀለለው የተበሳሳ ወረቀት ነበር፤ የፍሪኩዌንሲዎቹም ብዛት እንደ ፒያኖ ቁልፎች 88። ያ ዝላይ ዛሬ በልጆች መጫወቻ ውስጥ አለ።

ስለ አንቴና አንዲት ነገር ብቻ፣ ግን ዋና ነገር ናት። በ72 ሜጋ ኸርትዝ ጊዜ ከአውሮፕላኑ አንድ ሜትር ያህል ሽቦ ይንጠለጠል ነበር። በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነ፣ ሥራውን የሚሠራው የአንቴናው ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሞገዱ የሚወጣው ከአንቴናው ጎን ነው፤ በጫፉ አቅጣጫ የሚሄደው በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ አንቴናውን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ወደ አውሮፕላኑ አታነጣጥሩ። ልጆች ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ለዓይን ትክክል ይመስላል። ጎኑ ወደ አውሮፕላኑ ይሁን።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ልባችሁን ስጡኝ። ከቃላቱ ሁሉ አንድ ብቻ ታስታውሳላችሁ ብባል የምመርጠው ፌይል ሴፍን ነው።

ሞገዱ ቢቋረጥስ? ባትሪ ቢያልቅ፣ ሽቦ ቢላቀቅ፣ አውሮፕላኑ ርቆ ቢሄድ? ሪሲቨሩ ትእዛዝ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ፌይል ሴፍ ለዚህ ጥያቄ እናንተ በሰላሙ ጊዜ የሰጣችሁት መልስ ነው፤ ኑዛዜ እንደመተው በሉት። አንዳንዱ ሪሲቨር ካልነገራችሁት የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል። የመጨረሻው ትእዛዝ ሙሉ ትሮትል ከነበረ፣ ማንም የማያዘው አውሮፕላን በሙሉ ጉልበት ይሄዳል፤ ወደ ሰው ይሁን ወደ መንገድ አይታወቅም። ስለዚህ ቢያንስ ትሮትል ወደ ዜሮ እንዲወርድ መደረግ አለበት። ጉልበት ያጣ አውሮፕላን ቅርብ ይወድቃል፤ የሚያደርሰውም ጉዳት ያነሰ ነው።

ፌይል ሴፉ ተስተካክሏል ብላችሁ አትመኑ፤ ፈትኑት። ፕሮፔለሩን ፍቱ። ይህን ሁለት ጊዜ እላለሁ፤ ፕሮፔለሩን ፍቱ። አውሮፕላኑን አንድ ሰው ይያዝላችሁ፤ ሞተሩን ትንሽ አስነሱት፤ ከዚያ ሪሞቱን አጥፉ። ሞተሩ ወዲያው ከቆመ ኑዛዜው ተጽፏል። ካልቆመ ያ አውሮፕላን ዛሬ አይበርም። ባይንድን በደገማችሁ ቁጥር ይህንንም ድገሙት፤ በብዙ ሪሲቨሮች ፌይል ሴፍ የሚያዘው ባይንድ ሲደረግ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ሁለት ቃላት አሉ። ሬንጅ ቼክ የሪሞቱን ጉልበት ሆን ብሎ አድክሞ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ አሁንም ይታዘዛል ወይ ብሎ ማየት ነው። ትሮትል ከት ደግሞ ስቲኩ ቢነካም ሞተሩ እንዳይዞር የምትቆልፍ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። የኤሌክትሪክ ሞተር ቆሞ ሳለ ድምፅ የለውም፤ የሞተ ይመስላል። ባትሪው የተሰካበት ግን የጎረሰ ጠመንጃ ነው፤ ሸሚዛችሁ ስቲኩን ቢነካው ፕሮፔለሩ ይነሳል። ቅደም ተከተሉም ከዚህ የመጣ ነው፤ ስታበሩ ሪሞት ይቅደም፣ ስታጠፉ ሪሞት መጨረሻ ይሁን። አውሮፕላኑ ጌታው በሌለበት ነቅቶ መገኘት የለበትም።

የሞዴል ማስታወሻ የሚባለውን እንጨምር። አንድ ሪሞት የብዙ አውሮፕላኖችን ልክ በየስማቸው ይይዛል፤ የዚህ ትሪም፣ የዚያ ሪቨርስ። በዚህኛው ስም ላይ ሆኖ ያንን ማስነሳት የኔን የበቆሎ ማሳ ታሪክ ይደግማል። አንዳንዱ ሪሞት ስሙ ካልገጠመ እምቢ ይላል፤ ሁሉም ግን አይደለም። እኔ ከማስነሳቴ በፊት በስክሪኑ ላይ ያለውን ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ አጠገቤ የቆመ ሰውም ይሰማል።

የምንኖርበትን ቦታ ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ አብዛኞቻችሁ የምታዳምጡን ከዋሽንግተን ዙሪያ ነውና። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ባለው ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞዴል አውሮፕላንም ሆነ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እዚያ ውስጥ ነው፤ አሌክሳንድሪያም እዚያ ውስጥ ነው። ጓሮ ውስጥ፣ አንዴ ብቻ፣ ዝቅ አድርጌ ማለት አይሠራም። ከዚያ ወጥቶ እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ ከ400 ጫማ በታች፣ በዓይን እያዩ፣ በጠራ አየር ማብረር ይቻላል። ለመዝናናት የሚያበር ሁሉ ትረስት የሚባለውን ነፃ የኢንተርኔት ፈተና ማለፍ አለበት፤ አውሮፕላኑ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ በ5 ዶላር ይመዘገባል። ልጁ 13 ዓመት ካልሞላው የሞላው ሰው ያስመዝግብለት። የተደራጀ ክበብ ያለበት ሜዳ ፈልጉ፤ ሜዳውም አስተማሪውም እዚያ ይገኛሉ።

ስለ አካባቢያችን ካነሳን አይቀር፣ እዚሁ ያለ የአንድ አውሮፕላን ታሪክ ልጥቀስላችሁ። ዋልተርና ዊልያም ጉድ የሚባሉ መንትያ ወንድማማቾች ሚሺጋን ውስጥ፣ ካላማዙ ላይ፣ በ1937 ሞዴል አውሮፕላን በሬዲዮ አበረሩ፤ በዚህ ሥራ ከተሳካላቸው ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። ገፍ የሚል ስም ያወጡለት ያ አውሮፕላን ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሪሞት ማለት አንድ ቁልፍ ነበር፤ አንዴ ሲጫኑ ቀኝ፣ ሁለቴ ሲጫኑ ግራ። ትሪም የለ፣ ኤክስፖ የለ። ዛሬ መመሪያው የወፈረው በዚያ ቁልፍና በእኛ መካከል ብዙ ሰው አስቦበት ስለሆነ ነው።

የቀረችን የመጨረሻዋ ፌርማታ በዲ ቦክስ ናት። ሁለት ሪሞት፣ አንዱ በአስተማሪ፣ አንዱ በተማሪ እጅ፤ በገመድ ወይም በሞገድ የተገናኙ። አስተማሪው በስፕሪንግ የምትመለስ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ሲይዝ አውሮፕላኑ ለተማሪው ይታዘዛል። ሲለቃት በዚያው ቅጽበት ወደ አስተማሪው ይመለሳል። ስለዚህ የደነገጠ አስተማሪ እጁን ቢያነሳ እንኳ ትክክለኛውን ነገር ያደርጋል። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

የእህቴን ልጅ በዚህ ነው ያስጀመርኳት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሜዳ ላይ ደንብ አለን፤ የሚሰጥ ይናገራል፣ የሚቀበል ይመልሳል፤ ያለዚያ ሁለቱም ሌላው ይዞታል ብለው አውሮፕላኑ ባለቤት ያጣል። ከፍ አድርጌ አወጣሁት፤ ትሪሙን አስተካከልኩ፤ ክንፉ ቀጥ አለ። ማብሪያዋን ያዝኩና «በእጅሽ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ለቀቅኳትና አውሮፕላኑን መለስኩት። እንደገና ያዝኩ። «በእጅሽ ነው።»

«በእጄ ነው፣ አጎቴ» አለች።

አውራ ጣቷ ስቲኩን የጥፍር ስፋት ያህል ወደ ቀኝ ገፋችው። ማዶ፣ ከዛፎቹ በላይ፣ የቀኙ ክንፍ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።

(የመውጫ ሙዚቃ)